አምፑ፣ ሪሲቨሩ እና የዘኑ ጆሮ

ሰኞ

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በቤታችን ሪሲቨር የሚባሉ ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንዱ የዲሹ ነው፤ ጣቢያ የምንቀይርበት ትንሹ። ሁለተኛው ልጃችን ምሕረት ባለፈው ቅዳሜ ከአዳማ ይዛው የመጣችው የሆም ቴአትር ሪሲቨር ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጀርባው በቀዳዳ የተሞላ። ከእንግዲህ እዚህ ላይ "ሪሲቨር" ስል ይህን ሁለተኛውን ነው። የዲሹን "ዲሽ" ብቻ እለዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ይህን ባለመለየታችን ከባለቤቴ ከዘነበች (ከዘኑ) ጋር ተጨቃጨቅን። "ሪሲቨሩን አጥፋው" አለችኝ፤ ትልቁን አጠፋሁ። እሷ ያለችው ትንሹን ነበር።

የምሕረት ሐሳብ ጥሩ ነው። እናቷ ድራማ ስታይ "ምን አለ? ምን አለች?" ማለት ካበዛች ከርማለች። ምሕረት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ደካማ ስለሆነ ነው ብላ ከመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ይህን ገዛች፤ ባለሙያም ይዛ መጥታ አስገጠመችልን። አምስት ትንንሽ ስፒከሮች አሉት፦ ሁለቱ ከፊት ግራና ቀኝ፣ አንዷ ከቴሌቪዥኑ ሥር መሐል ላይ፣ ሁለቱ ከኋላችን። ባለሙያው ሶፋው ላይ ማይክራፎን አስቀምጦ፣ ሪሲቨሩን ሽሽሽ አሰኝቶ፣ አስተካክሎ ሄደ።

ቅሬታዬ፦ ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ግን ቀጭን ነው። የፊቶቹ ስፒከሮች የዱቄት ወተት ጣሳ ያክላሉ። ጥግ ላይ ደግሞ የራሴ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ከነሁለት የእንጨት ሳጥኖቹ ተቀምጧል። ምሕረት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች የገዛሁት ነው። ሳጥኖቹ ወገቤ ድረስ ይደርሳሉ። ሪሲቨሩንና አምፑን ላጋባቸው አስቤያለሁ። ሪሲቨሩ ጀርባው ላይ "ፕሪ-አውት" የሚሉ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች አሉት። ከዚያ የሚወጣው ገና ያልጎለበተ ደካማ ምልክት ነው። እሱን ወደ አምፑ ባስገባው ሪሲቨሩ ያዛል፣ አምፑ ይገፋል፣ ትልልቆቹ ሳጥኖች ይናገራሉ።

ለምን እንደቸኮልኩም ልጻፍ። ዘኑ የሰፈራችን የሴቶች እድር ሊቀመንበር ናት። ባለፈው ስብሰባ አንዷ "ወንበሮቹስ?" ብትላት "ለለቅሶ ቤት ከበሮ ምን ያደርጋል?" ብላ መለሰች። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ቤት ስትመጣ ግን ራት አልበላችም።

ዛሬ ቁርስ ላይ፣ "እሑድ የእድሩን ማኅተም አስረክባለሁ" አለችኝ።

"ምን ሆነሽ?"

"ጆሮዬ ሄዷላ። ታላቅ እህቴንም እንዲህ ነው የጀመራት። በመጨረሻ ሰው ቤት መሄድ እርግፍ አድርጋ ተወች።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለምሕረት እንዳትነግራት። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" አለች።

እሺ አልኩ። ግን እሑድ ሳይደርስ ድራማዋን አጣርታ ብትሰማ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል። እድሩን ከተወች ከቤት የሚያወጣት ነገር አይኖርም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ማክሰኞ

ብርድ። ጣቶቼ እስኪፍታቱ ድረስ ሥራ አልጀመርኩም። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ፦

ማንኛውም የገመድ ጃክ ከመነካቱ በፊት ሁሉም ነገር ከሶኬት ይነቀል።

ከሪሲቨሩ ወደ ስፒከር የሚሄደው ሽቦ በምንም ምክንያት ወደ አምፑ ቀዳዳ አይግባ። እሱ የጎለበተ ነው፤ አምፑን ያቃጥለዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። (ይህቺን ተማሪዎቼም እስኪሰለቹ ሰምተዋታል።)

ገመድ ልገዛ ገበያ አጠገብ ያለው ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ "ለምንድን ነው?" ሲለኝ "ለሪሲቨር" አልኩት። የዲሽ ገመድ ሰጠኝ። ቤት ደርሼ ነው ያየሁት። በትናንት ማስታወሻዬ የለየሁትን ዛሬ ራሴው ረሳሁት። ተመልሼ ሄድኩ። ቀይና ነጭ ጃክ ያለው ተገኘ።

ከፕሪ-አውት ወደ አምፑ "ኦክስ" ቀዳዳ። ቀይ ለቀይ፣ ነጭ ለነጭ። ሳበራው እምምምም የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ እህል ወፍጮ በሩቁ እንደሚሰማው። ገመዱን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ከዚያ አምፑ ከመስኮቱ ሶኬት፣ ሪሲቨሩ ከበሩ ሶኬት መብራት እንደሚወስዱ አየሁ። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካኋቸው። ጸጥ። ትንሽ ድል።

ሌላ ችግር፦ ቮልዩም ሁለት ሆነ። ከአሁን በኋላ ቴሌቪዥን ስናይ የሚጨመረውም የሚቀነሰውም በሪሲቨሩ ሪሞት ብቻ ነው። የአምፑን ማዞሪያ አንድ ቦታ አቆምኩና የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበት። ዘኑ መጥታ አየችው።

"ቆሰለ እንዴ?"

"እንዳይነካ ነው።"

"ማን ይነካዋል?"

"አቧራ ስትጠርጊ።"

"ታዲያ አቧራውን ራስህ ጥረገዋ፣ መምህር።"

ሥራው ለእኔ ሆነ።

የፊቶቹን ትንንሽ ስፒከሮች አነሳሁ። የመሐሏንም እንዲሁ፤ ዲሹን እየጋረደችው ሪሞቱ አልታዘዝ ብሎ ነበር። እነዚያ ሁለት ሳጥኖች እያሉ እሷ ምን ትጨምራለች? ወደ ካርቶኗ መለስኳት። የኋላዎቹን ባሉበት ተውኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የድሮውን ቴፕ በቀጥታ ከአምፑ ጋር አገናኝቼ ካሴት ከፈትኩ። ክራሩ እዚሁ ሳሎን ውስጥ የሚመታ ይመስላል። ዘኑ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። በመስኮት ብቅ ብላ "ይሄ ይሰማል!" አለች። ደስ አለኝ። ነገ ድራማ አለ።

ረቡዕ

አልሆነም።

ዘኑ ነጠላዋን አጣፍታ ሶፋው መሐል ተቀመጠች፤ ለእንግዳ እንደምትቀመጠው። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኜ ያ እምምም ተመልሶ እንደሆነ አዳምጣለሁ። አልተመለሰም። የድራማው ሙዚቃ እንደ ጎርፍ መጣ። ዝናብ ዘነበ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የእኛው ጣሪያ መስሎኝ ቀና አልኩ። በር ተዘጋ፤ ወለሉ ነዘረ።

"እንዴት ነው?" አልኩ።

"ድምፁ ይሰማኛል። ቃሉ የለም።"

ጨመርኩ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

"አሁንስ?"

"ጮኸ እንጂ ቃል አላመጣም።"

አሁንም ጨመርኩ። ዘኑ ተነሳች። አልተቆጣችም። "ተወው በቃ። ደክመህበታል። ዕቃው ምንም አልሆነ፤ ጆሮዬ ነው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ድራማ አልከታተልም። ዜና በሬዲዮ ነው የምሰማው። ማን ማንን እንደካደ አላውቅም፤ ንግግራቸውንም ልብ ብዬ አላዳመጥኩም። ሳጥኖቹን ነበር የማዳምጠው። ሳጥኖቹ ደግሞ ጥሩ ናቸው።

ሐሙስ

ጠዋት መብራት አልነበረም። ኮምባይነሮች በዋናው መንገድ ወደ ኢተያ ይወርዳሉ፤ ስንዴው ደርሷል። ዘኑ በረንዳ ላይ ሆና "የስንት መኪና ድምፅ ነው?" አለችኝ። ነገሩ ጥያቄ አልነበረም፤ ራሷን እየፈተነች ነው። ራሷው ቆጥራ መለሰች፤ ከቁጥሩ አላጎደለችም። ፊቷ ግን አልተፈታም።

መብራት ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የጠረጠርኳቸው፦ ጃኩ ላልቶ እንደሆነ፤ ግራና ቀኝ ተገላብጦ እንደሆነ፤ ማዞሪያው ተነክቶ እንደሆነ (ፕላስተሩ እንዳለ ነው፤ ዘኑን በሐሳቤ ይቅርታ ጠየቅኳት)። አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ካሴቱን ከፈትኩ። ዘፋኙ እያንዳንዷን ፊደል አጥርቶ ይላታል። አምፑ ደህና። ሳጥኖቹ ደህና። ገመዱ ደህና።

እንግዲህ የቀረው የሰው ጆሮ ነው። ይህን መጻፍ ከበደኝ፤ ግን የደረስኩበት ይኸው ነው።

ከምሳ በኋላ ዘኑ የእድሩን ማኅተም በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ አየኋት።

"ምን ብዬ ልንገራቸው?" አለችኝ።

"እውነቱን።"

"ደንቆርኩ ልበላ?"

ምሕረት ደውላ "ሆም ቴአትሩ እንዴት ነው?" ብትለኝ "ደህና ነው" አልኳት። ዘኑ ከጎኔ ቆማ በእጇ "ዝም በል" ትለኛለች።

ዓርብ

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጽፈው እሞክራለሁ፤ እጄ ይቸኩላል።

ወደ ማታ አዴ ሞሚና መጣች። የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ ትውልዷ ኦጎልቾ ነው፤ እዚህ አሰላ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ካላት ብዙ ዘመኗ ነው። የእድሩም ምክትል ሊቀመንበር ናት። ከበሩ ሳትገባ ጀመረች።

"የት አለች? ማኅተሙን በእኔ ላይ ልትጥል ነው አሉ! ወላሂ አልቀበልም። እኔ ሱቅ ልጠብቅ ወይስ ድንኳን ልቁጠር?"

"ጓዳ ናት። ሻይ እያፈላች ነው። ተቀመጪ" አልኳት።

ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። የረቡዕ ድራማ ተደግሞ ይታያል። ሞሚና አንድ ዓይኗን ጓዳው በር ላይ፣ አንዱን ድራማው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጥቂት ቆየችና ወደ እኔ ዘንበል አለች።

"መምህር፣ ምን እንደሚሉ አልሰማም።"

ድራማው የገጠር ነው፤ ገበሬዎቹ በሰሜን አማርኛ ያወራሉ ብዬ ገመትኩ። ቤቷ ደግሞ ኦሮምኛ ነው የሚነገረው። አማርኛው ጠጥሮባት ይሆናል ብዬ፣ የሽማግሌውን ሁኔታ እያየሁ በኦሮምኛ ላስረዳት ጀመርኩ። አባትየው መሬቱን ለማን እንደሚሰጥ እየነገራቸው ነው መሰለኝ፣ እያልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ክፍል ውስጥ።

ሞሚና አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ሶፋው ላይ ተንፈራፈረች።

"ያ ረቢ! ለእኔ ነው የሚተረጉሙት?"

"አልሰማም አልሽኝ..."

"በአማርኛ የሸጥኩ፣ በአማርኛ ያስታረቅኩ፣ ከእርስዎ ጋር እንኳ ስለ አጥሩ በአማርኛ የተጣላሁ ሰው ነኝ! አማርኛማ እሰማለሁ። ሰዎቹን ነው የማልሰማው! አፋቸውን ይከፍታሉ፣ አፋቸውን ይዘጋሉ። በሩ ሲዘጋ ግን ልቤን ሊያወጣው ነበር።"

ዘኑ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ ቆመች።

"አንቺም?" አለች።

"እኔም ምን?"

"ቃሉ አይሰማሽም?"

"ቃል የታለና ነው የምሰማው!"

ሞሚና ከሱቋ ሆና መንገድ ማዶ የሚታማ ሰው የምትሰማ ሴት ናት። ጆሮዋን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። እሷም ካልሰማች...

ተነሳሁ። የሪሲቨሩን ማስተካከያ በቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩ። የስፒከሮች ዝርዝር መጣ። ግራ፦ አለ። ቀኝ፦ አለ። መሐል፦ አለ።

መሐል የለችም። መሐል ካርቶን ውስጥ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ ሪሲቨር የሰውን ንግግር ለይቶ በብዛት የሚልከው ወደ መሐሏ ስፒከር ነው፤ ሰዎቹ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚያወሩ እንዲመስል። ሙዚቃውን፣ ዝናቡን፣ በሩን ለግራና ለቀኝ ያካፍላል። ባለሙያው ሲያስተካክለው መሐሏ ቦታዋ ላይ ነበረች። እኔ አነሳኋት፤ ለሪሲቨሩ ግን አልነገርኩትም። እሱም በታማኝነት ንግግሩን በሙሉ ወደሌለች ስፒከር ሲልክ ሰነበተ። ካሴቱ ግን በሪሲቨሩ ስለማያልፍ ምንም አይጎድልበት። እኔ ደግሞ በካሴት ነበር የምፈትነው።

"መሐል" የሚለውን "የለም" አደረግኩት። ሽማግሌው ከሁለቱ ሳጥኖች መሐል ዘሎ እንደ ወጣ ሁሉ፣ "እኔ ልጅ አልወለድኩም እንዴ!" ብሎ ጮኸ።

ዘኑ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "እኔ ልጅ አልወለድኩም እንዴ" አለች፤ ቃል በቃል፣ ራሷን የምታናግር ይመስል። ከዚያ የሚቀጥለውን ደገመች። የሚቀጥለውንም።

ሞሚና ወደ እኔ ዞረች። "ሰውየው! የሰዎቹን ወሬ ካርቶን ውስጥ ቆልፈህ ሚስትህን ደንቆሮ አሰኘሃት?" ሁልጊዜ እርስዎ የምትለኝ ሴት ዛሬ አንተ አለችኝ። አልከፋኝም።

ቅዳሜ

መሐሏን አወጣኋት። ዝቅ ያለ ማስቀመጫ ላይ አደረግኳት፤ ዲሹን አትጋርድም። ለሪሲቨሩም መመለሷን ነገርኩት። ትልልቆቹ በአምፑ፣ እሷ በራሱ በሪሲቨሩ። ከሳጥኖቹ አንጻር ድምፅዋ ስለሚያንስ ማስተካከያው ላይ ትንሽ ከፍ አደረግኳት። ሽሽሽ የሚለውን መፈተኛ እያሰማሁ ሁሉንም ከሶፋው ሆኜ አስተያየሁ። አሁን ሙዚቃው ሰፊ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ የሚያወሩት ከአፋቸው ነው። በሥራው ረክቻለሁ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዘኑ "ምን አለ?" ማለት የጀመረችው ሪሲቨሩ ከመምጣቱ በፊት ነው። የከበሮው ነገርም እንዲሁ። የእኔ ስህተት የሸፈነው ሌላ ነገር ቢኖርስ? ዝም ብዬ "ጆሮሽ ደህና ነው" ብላት ነገ ደስ ብሏት ትሄዳለች። እሑድን አልፋ ሌላ ጊዜ እንደገና ትዋረዳለች።

ስለዚህ ነገርኳት። "ልፈትንሽ" አልኩ። ጀርባዋን ሰጠችኝ። በአንድ እጇ አንዱን ጆሮ ስትደፍን እኔ ከሩቅ በዝግታ ቁጥር እጠራለሁ። ቀኙን ስትደፍን ሁሉንም ያዘች። ግራውን ስትደፍን፣

"ስድስት" አልኩ።

"ድስት" አለች።

"ሰባት።"

"አባት?"

ዞራ አየችኝ። "ተሳሳትኩ?"

"ስ ታመልጥሻለች። በቀኝ ብቻ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።"

የጀመርኩትን ለምን እንደጀመርኩት ራሴን ጠየቅኩ። እጇን ወደ ቀኝ ጆሮዋ ወስዳ፣ "በቀኝ ብቻ?" አለች።

"በቀኝ ብቻ።"

"ሁለቱም የሄዱ መስሎኝ ነበር እኮ" አለች። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ነገ ምን እንደምታደርግ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ማኅተሙ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

እሑድ

ከስብሰባው እስክትመለስ ሦስት መጽሐፍ አነሳሁ፣ አንዱንም አላነበብኩም። የአምፑን አቧራ ጠረግሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ የሞሚና ሳቅ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ። ከዚያ ዘኑ ገባች። ሁሉንም ቆማ ነገረችኝ።

ስብሰባው ሲከፈት ከወንበሯ ተነስታ ግድግዳው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች፤ ቀኟን ወደ ግድግዳ፣ ሴቶቹን በሙሉ ወደ ግራዋ አድርጋ። "ቀኝ ጆሮዬ ሰንፏል። በግራዬ አናግሩኝ፣ አንድ በአንድ አናግሩኝ" አለቻቸው። ያቺ ባለፈው ስለ ወንበሮቹ የጠየቀቻት ሴት፣ "ታዲያ ስለ ከበሮው ወሰንን ወይ?" አለች። ሁሉም ሳቁ፤ ዘኑም። "የዛሬው ሳቅ ግን ከእኔ ጋር ነው" አለችኝ። ማኅተሙን አውጥታ ስታሳያቸው ሞሚና እጇን ወደኋላ ደበቀች አሉ። ሴቶቹ፣ "መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። እስከዚያ አንቺው ያዢው" ብለው ወሰኑ። ስለዚህ ማኅተሙ ተመልሶ እኛ ቤት ነው። ለጊዜው። ሐኪሙ ምን እንደሚል አላውቅም። እሷም ፈርታለች፤ አልሸሸገችኝም።

ራት በልተን ስንጨርስ፣ "እሺ፣ ለምሕረት ንገራት" አለች። "በስልክ አይደለም። በስልክ ከነገርካት ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ሳንነጋገር ይዘጋል። የጻፍከውን ፎቶ አንሥተህ ላክላት።"

ስለዚህ፣ ምሕረት፣ ከሰኞ እስከ ዛሬ ያለውን ገጽ በስልኬ አንስቼ ልኬልሻለሁ። ያመጣሽልን ዕቃ በጣም ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል። የእናትሽ ቀኝ ጆሮ ግን ሐኪም ይፈልጋል። አዳማ የጆሮ ሐኪም ፈልጊና ቀጠሮ ያዢ። ያለ አንቺ አልገባም ብላለች፤ እኔ አብሬያት ብሄድ ሐኪሙን ማስተማር እጀምራለሁ ብላ ነው። ከሥራ መቼ መውጣት እንደምትችዪ ንገሪኝ። ዛሬ እሺ ብላለች፤ ነገ እሺ ማለቷን እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን እንዳነበብሽ መልሺልኝ።